መርፊ ብራውን፦ ከማገገሚያ ወደ ዜና ክፍል

«መርፊ ብራውን» ከኅዳር 5 ቀን 1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1988) እስከ ግንቦት 10 ቀን 1990 ዓ.ም. በአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን የተላለፈ፣ በ10 ሲዝን 247 ክፍሎች ያሉት ሲትኮም ነው። ርእሱ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስም ነው። መርፊ 40 ዓመት የሞላት፣ ባል የሌላት፣ በዋሽንግተን ከተማ «ኤፍ ዋይ አይ» በሚባል የዜና ዝግጅት ላይ የምትሠራ ስመ ጥር ጋዜጠኛ ናት። ታሪኩ የሚጀምረው ከመጠጥና ከሲጋራ ለመላቀቅ ቤቲ ፎርድ ማገገሚያ ማእከል አንድ ወር ቆይታ ወደ ቢሮዋ የምትመለስ ዕለት ነው።

ሲትኮም ሳቁን ከቀልድ ነጋሪ ሳይሆን ከሁኔታ የሚያወጣ ድራማ ነው። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ቦታውም ያው ነው፤ በየሳምንቱ አዲስ የሚሆነው የሚገጥማቸው ጣጣ ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ተመልካች ይህን አሠራር ከ«ቤቶች» ያውቀዋል፤ እዚያ መድረኩ የአንድ ቤተሰብ ሳሎን ነው። «ምን ልታዘዝ» ደግሞ ካፌን መድረክ አድርጎ በፖለቲካ ቀልዷል። «መርፊ ብራውን» የመረጠው የዜና ክፍልን ነው። ምርጫው ብልህ ነበር፤ ምክንያቱም ዜና በየሳምንቱ ይለወጣል፤ ድርሰቱም የአገሩን ወሬ ትኩሱን እያነሳ መቀጠል ይችላል። ኋላ ላይ ድርሰቱን ከአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ጋር ያጋፈጠውም ይኸው ምርጫ ነው።

የድርሰቱ ፈጣሪ ዳያን ኢንግሊሽ ናት። የጣቢያው ኃላፊዎች መጀመሪያ ላይ ገጸ ባሕርይዋ በ40 ፈንታ 30 ዓመቷ ቢሆን፣ ከማገገሚያ ከምትመለስ ደግሞ ከመዝናኛ እስፓ ብትመለስ ይሻላል ብለው ነበር። ሁለቱም ሐሳቦች ተቀባይነት ቢያገኙ ኖሮ ድርሰቱ አከርካሪው በተሰበረ ነበር። ያዳነው አንድ አጋጣሚ ነው። በ1980 ዓ.ም. የአሜሪካ ድርሰት ጸሐፊዎች ማኅበር ከየካቲት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ሥራ አቁሞ ስለነበር ጽሑፉን ማረም አልተቻለም፤ የመጀመሪያው ክፍል የተቀረጸው ኢንግሊሽ በጻፈችው የመጀመሪያ ረቂቅ ነው።

ለመሪ ተዋናይነት የተመረጠችው ካንዲስ ቤርገን በጊዜው 42 ዓመቷ ነበር። አባቷ ኤድጋር ቤርገን አሻንጉሊት በማናገር ጥበብ በመላው አሜሪካ የታወቀ ሰው ነው። እሷ ራሷ በወጣትነቷ በፎቶ ጋዜጠኝነት ሠርታለች፤ «እንደገና መጀመር» የሚል ትርጉም ባለው እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣ ፊልም ላይ በነበራት ሚናም ለኦስካር ታጭታ ነበር። ይሁን እንጂ በሳምንታዊ ኮሜዲ ስሟ አይታወቅም ነበር። መርፊን በተጫወተችባቸው ዓመታት በኮሜዲ ምርጥ መሪ ተዋናይት ዘርፍ 5 ጊዜ የኤሚ ሽልማት ወሰደች፤ ከዚያ በኋላ ለዚያ ሽልማት መታጨት በቃኝ አለች። ድርሰቱ በጠቅላላው 18 ኤሚ አግኝቷል።

መርፊ ስትመለስ ወንበሯ በቦታው አለ፤ ዙሪያው ግን ሌላ ሆኗል። አዲሱ ዋና አዘጋጅ ማይልስ ሲልቨርበርግ የ25 ዓመት ወጣት ነው፤ በእድሜ ልጇ ሊሆን ጥቂት የቀረው አለቃ ሆኖ ይጠብቃታል። እሷ በሌለችበት ጊዜ ቦታዋን የሸፈነችው ኮርኪ ሸርዉድ የቀድሞ የአሜሪካ የቁንጅና ንግሥት ስትሆን፣ ፈገግታዋ ከጥያቄዋ ይበልጣል። ነባሮቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ድምፁ እንደ ሐውልት የከበደው አንጋፋ ዜና አንባቢ ጂም ዳያል፣ ሌላው የምርመራ ዘጋቢውና የልብ ወዳጇ ፍራንክ ፎንታና ነው። ከሥራ በኋላ ሁሉም የሚሰበሰቡት ፊል የሚባል ሰው ባለቤት በሆነበት መጠጥ ቤት ነው። መርፊ እዚያ መሄዷን አትተውም፤ የምትተወው መጠጡን ብቻ ነው። ድርሰቱ መጠጥ ያቆመችን ሴት በየሳምንቱ መጠጥ ቤት አስቀምጦ ማሳየቱ ከማንኛውም ስብከት የበለጠ እውነት አለው። ሱስን የተወ ሰው የሚኖረው በሌላ ዓለም ሳይሆን በዚያው ሰፈር፣ ከእነዚያው ጓደኞቹ ጋር ነውና።

ድርሰቱን ከእኩዮቹ የለየው ዋና ነገር ግን የመርፊ ጠባይ ነው። እንዲህ ያሉ ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የወደቀችውን ሴት አለስልሰው፣ አስተዛዝነው፣ ይቅርታ አስጠይቀው ይመልሷታል። መርፊ ከማገገሚያ የወጣችው እንደ ገባችው ተቆጪ፣ ተፎካካሪ፣ ምላሷ ሰይፍ ሆና ነው። ቁጣዋን የምትሸፍንበት ብርጭቆ ስለሌላት እንዲያውም ብሶባታል። በሥራዋ የምትከበረው ግን ጥሩ ጥያቄ ስለምትጠይቅ ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ቴሌቪዥን እንዲህ ያለ ጠባይ ይዞ የሚወደድ ገጸ ባሕርይ ወንድ ነበር።

ይህን ጠባይ በየሳምንቱ የሚያሳዩ የተደጋገሙ ቀልዶች አሉ። የታወቀው የጸሐፊዎቿ ነገር ነው። መርፊን የሚችል ጸሐፊ አይገኝም፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል፤ በ10 ሲዝን ውስጥ ከ90 በላይ ጸሐፊዎች ተፈራርቀዋል። ቦታው ለእንግዳ ተዋንያን በር ሆኖ አገልግሏል፤ ቤት ሚድለርም ሳትቀር ከጸሐፊዎቹ አንዷ ሆና ተጫውታለች። ሁለተኛው የቀለም ቀቢው የኤልዲን ነው። ቤቷን ሊቀባ የመጣው ይህ ሰው ለዓመታት ሥራውን አይጨርስም። ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ግን ለመርፊ ማንም የማይነግራትን ይነግራታል። አሠሪና ሠራተኛ ናቸው ቢባልም ብቻዋን ለምትኖረው ሴት ቤተሰብ የሆናት እሱ ነው። ልጅ ስትወልድም ሞግዚቱ ይሆናል።

ሦስተኛው ሙዚቃ ነው። መርፊ የሞታውን ኩባንያንና የዘመኑን የሶል ዘፈኖች ትወዳለች፤ ድምፅ ግን አልተሰጣትም። የመጀመሪያው ክፍል ርእስ «ክብር» የሚል ነው፤ አሪታ ፍራንክሊን ዝነኛ ካደረገችው ዘፈን የተወሰደ። ፍራንክሊን ራሷ በአንድ ክፍል በእንግድነት ቀርባ ፒያኖ ስትጫወት መርፊ አብራ ልትዘፍን ስትሞክር ዝም ታሰኛታለች።

ታሪኩ በዋሽንግተን ይሁን እንጂ የሚቀረጸው በካሊፎርኒያ፣ በርባንክ ከተማ በሚገኘው የዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ ነበር። አቀራረጹ ከቲያትር ጋር ይቀራረባል፤ ተዋንያኑ በተመልካች ፊት ይጫወታሉ፣ በርካታ ካሜራዎች በአንድ ጊዜ ይቀርጻሉ፣ የተመልካቹ ሳቅም ከድምፁ ጋር ይገባል። አንድ ክፍል የተመደበለት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ማስታወቂያው ሲቀነስ ከ25 ደቂቃ በታች ይቀራል። በዚህ ጠባብ ጊዜ ቢያንስ ሁለት ታሪክ መጀመር፣ መቆላለፍና መፈታት አለበት። ፍጥነቱ ለዜና ክፍል ተስማሚ ነበር፤ ሰዎቹ እየተራመዱ ይጨቃጨቃሉ፣ ስልክ ይጮሃል፣ የስርጭት ሰዓት ይደርሳል።

ደራሲዎቹ የፈጠራውንና የእውኑን ዓለም አጥር ሆን ብለው ዝቅ አድርገውታል። እውነተኛ ጋዜጠኞች በራሳቸው ስም እየመጡ ይታያሉ። መርፊ ነፍሰ ጡር በሆነች ጊዜ ከመውለዷ በፊት በተዘጋጀላት የስጦታ ግብዣ ላይ የተገኙት ኬቲ ኩሪክ፣ ጆአን ለንደንና ፖላ ዛን ሁሉም በወቅቱ የታወቁ የቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ነበሩ። በኢትዮጵያ ዘመድ ወዳጅ ገንፎ ሊበላ የሚሰበሰበው ከወሊድ በኋላ ነው፤ በአሜሪካ ግን ስጦታው ልጁን ቀድሞ ይመጣል። በግብዣው የተቀመጡት ሴቶች በማግስቱ ጠዋት እውነተኛ ዜና የሚያነብቡ መሆናቸው መርፊን ከድርሰት ሰውነት ወደ የሥራ ባልደረባነት አሻገራት።

እርግዝናው የተጀመረው ከቀድሞ ባሏ ጋር በተፈጠረ አጭር መገናኘት ነው። ሰውየው አባት ሆኖ መቀመጥ አልፈለገም፤ መርፊ ብዙ ካመነታች በኋላ ብቻዋን ለመውለድ ወሰነች። ልጁ የተወለደበት ክፍል ግንቦት 10 ቀን 1984 ዓ.ም. ተላለፈ። በመጨረሻው ትእይንት መርፊ ሕፃኑን ታቅፋ ከአሪታ ፍራንክሊን ዘፈኖች አንዱን በዚያው ባልተቃና ድምፅዋ ታንጎራጉርለታለች። በዚህ ጊዜ የሚያስቆማት የለም።

በማግስቱ ግንቦት 11 ቀን የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ዳን ኩዌል በሳን ፍራንሲስኮ ንግግር አደረጉ። ሎስ አንጀለስ በዚያ ሰሞን በከባድ ሁከት ተቃጥላ ነበር። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ለሁከቱ ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ የቤተሰብ መፍረስ ነው። በዚያው ንግግር መርፊ ብራውንን በስም ጠቅሰው፣ ብቻዋን ልጅ በመውለድና ይህንንም እንደ ተራ የአኗኗር ምርጫ በመቁጠር የአባትን አስፈላጊነት አቃላለች ብለው ወቀሷት። በምርጫ ዓመት ከፍተኛ ባለሥልጣን አንዲት በእውን የሌለች ሴትን ሲወቅስ ጋዜጦች ነገሩን የፊት ገጻቸው አደረጉት። የዋይት ሀውስ ቃል አቀባይም ወቀሳውን በመደገፍና ገጸ ባሕርይዋን በማመስገን መካከል ሲዋልል ታየ። ዳያን ኢንግሊሽ የሰጠችው መልስ አጭር ነበር፦ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ያላገባች ሴት መውለዷን ነውር ካሉት፣ ውርጃ ሕጋዊና ከአደጋ የራቀ ሆኖ እንዲቆይ ያድርጉ።

ድርሰቱ ራሱ የመለሰው በአዲሱ ሲዝን መክፈቻ፣ መስከረም 11 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው። ከ40 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አየው። መርፊ እንደ ማንኛዋም አራስ እንቅልፍ አጥታ፣ ፀጉሯ ተንጨባሮ ሳለች የእውነተኛውን ንግግር ቅጂ በቴሌቪዥን ትሰማለች፤ ብቻ ልጅ ማሳደግን እንደ ቀላል ነገር ወስዳዋለች መባሉ ያስቆጣታል። የመረጠችው መልስ የጋዜጠኛ ነው። ወደ «ኤፍ ዋይ አይ» ስቱዲዮ ሄዳ ልዩ ልዩ ቤተሰቦችን አቀረበች፤ አባት ብቻ ያሉባቸው፣ እናት ብቻ ያሉባቸው ቤቶች ነበሩበት። ክርክሩን ከራሷ ላይ አንስታ ምስክሮችን አስገባች ማለት ነው። ክፍሉ የተዘጋው ግን በቀልድ ነው፤ በምክትል ፕሬዚዳንቱ ቤት ደጃፍ ብዙ ድንች ተደፋ። ኩዌል ከሦስት ወር በፊት በአንድ ትምህርት ቤት የድንችን የእንግሊዝኛ ፊደል አሳስተው ነበርና ተመልካቹ ወዲያው ገባው። ኩዌል በበኩላቸው ለድርሰቱ ሕፃን የዝሆን አሻንጉሊት ልከዋል፤ ዝሆን የፓርቲያቸው ምልክት ነው። ክፍሉንም ብቻቸውን ልጅ ከሚያሳድጉ እናቶች ጋር ሆነው ተመለከቱት። ከዓመታት በኋላ ቤርገን ራሷ ንግግሩ ስለ አባቶች ያነሳው ቁም ነገር ትክክል እንደነበር ተናግራለች። ይህን ማለቷ አያሳፍራትም፤ ጠቡ የነበረው ቁም ነገሩ ሸክሙን ብቻቸውን በተሸከሙት ሴቶች ላይ እንደ ጥፋት በመቆጠሩ ነው።

በዚያ ሰሞን በኢትዮጵያ የነበረው የቴሌቪዥን ጣቢያ በ1957 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንግሥት ጣቢያ ብቻ ነበር። የግል ጋዜጦችን የፈቀደው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 የወጣው መርፊ መልስ ከሰጠች ከአንድ ወር በኋላ፣ በጥቅምት ነው። ዛሬ ቦሌ ላይ ከበርካታ ጣቢያዎች አንዱን መርጦ ድራማ የሚያይ ሰው፣ የቴሌቪዥን ኮሜዲ በስሙ ከጠራው ባለሥልጣን ጋር እንደ እኩል የተከራከረበትን ያንን መስከረም ከዚህ ጎን አስቀምጦ ቢመለከተው የነገሩ ክብደት ይታየዋል።

ኢንግሊሽ ከአራተኛው ሲዝን በኋላ ድርሰቱን ለሌሎች አስረክባ ወጣች። ቀጣዮቹ ዓመታት ያልተስተካከሉ ናቸው፤ ሰዎች ይገባሉ ይወጣሉ፣ ተመልካቹም ቀነሰ። የመጨረሻው ሲዝን ግን ወደ መነሻው ተመለሰ። መርፊ የጡት ካንሰር ያዛት፤ አሁንም ከሕክምና ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ሕክምና መመላለስ ሆነ። ሕመሙን ለማስታገስ ማሪዋና የተጠቀመችበት ክፍል ከመንግሥት የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ኃላፊዎች ወቀሳ አመጣ። በመሰናበቻው ክፍል መርፊ በቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ውስጥ ሆና እግዚአብሔርን ቃለ መጠይቅ ስታደርግ ትታያለች። ለዚህ ክፍል ኢንግሊሽ ተመልሳ መጥታለች።

ሲቢኤስ ድርሰቱን ከ20 ዓመት በኋላ፣ በመስቀል ዕለት መስከረም 17 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2018) እንደገና ጀመረው። መርፊ ከጡረታ ተመልሳ የጠዋት ፕሮግራም ታቀርባለች፤ አድጎ ጋዜጠኛ የሆነው ልጇ ኤቨሪ ደግሞ በተፎካካሪ ጣቢያ በዚያው ሰዓት ይቀርባል። በመጀመሪያው ክፍል ለጸሐፊነት ሥራ ልታመለክት የመጣችው እንግዳ ሂላሪ ክሊንተን ነበሩ። ፊልን የተጫወተው ፓት ኮርሊና ኤልዲንን የተጫወተው ሮበርት ፓስቶሬሊ በሕይወት አልነበሩም። አዲሱ ዝግጅት በ13 ክፍሎች፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ቆመ።

የቀድሞዎቹን 247 ክፍሎች ዛሬ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። በዲቪዲ የወጣው የመጀመሪያው ሲዝን ብቻ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2005። የቀሩት እንዳይወጡ ካደረጉት ነገሮች አንዱ መርፊ የምትወዳቸው ዘፈኖች ናቸው። በየክፍሉ ለሚሰማው ሙዚቃ ለባለመብቶቹ አዲስ ክፍያ መፈጸም ስለሚያስፈልግ ወጪው ከሽያጩ በላይ ይሆናል።