ዳገቱ የማን ነው? የሆንግ ኮንግ ከተማ ከናዳ የተማረችው ነገር

ዝናም ለአገር በረከት መሆኑን የማያውቅ የለም። ዘር የሚበቅለው፥ ምንጭ የሚፈልቀው፥ ከብትም የሚጠግበው በእርሱ ነው። ዳሩ ግን ሰው ቤቱን በዳገት አናት ወይም በዳገት ግርጌ በሠራ ጊዜ፥ ያው በረከት የነበረው ዝናም አፈሩን አርሶና አክብዶ ቤቱን ከነቤተ ሰቡ ሊቀብረው ይችላል። አባቶቻችን «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት ስለ ወንዝ ብቻ አይመስለንም፤ ከጓሮ ወዳለው ዳገት ድምፅ ሳያሰማ ስለሚሰርገውም ውሃ የተነገረ ይመስላል።

ይህ ኀዘን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከከባድ ዝናም በኋላ በተናደው መሬት ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን ቆፍረው ለማውጣት የመጡ ነበሩ፤ በዚያው ቦታ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። ለወገኑ በደረሰበት ሰዓት የሞተ ሰው ክብሩ ታላቅ ነው። ነገር ግን ከአደጋ በኋላ የሚደረግ ርዳታ የቱንም ያህል የከበረ ቢሆን፥ ከአደጋ በፊት የሚደረገውን ጥንቃቄ ሊተካ እንደማይችል ከዚህ እንማራለን። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ሙታንዋን ደጋግማ ከቀበረች በኋላ የጥንቃቄን ሥርዓት ስላቆመች ስለ አንዲት ከተማ ለመናገር አስበናል። ከዚህ በታች ዘመኑን የምንቈጥረው፥ ሌላ ካላልን በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን ነው።

ሆንግ ኮንግ በቻይና ደቡብ በባሕር ዳር የምትገኝ፥ ሜዳዋ ጥቂት ተራራዋ ብዙ የሆነች ከተማ ናት። እስከ 1997 በእንግሊዝ መንግሥት ስትገዛ ኖራ ከዚያ ወዲህ ለቻይና ተመልሳለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከቻይና የተሰደደ እጅግ ብዙ ሕዝብ ስለ ገባባት የቤት ችግር ጸናባት። ድሃው በዳገት ላይ ከእንጨትና ከቆርቆሮ ጎጆ ይቀልስ ነበር፤ ሀብታሙም ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ፎቅ ለመሥራት ተራራውን ይቈርጥ ነበር። ከተራራው የተቈረጠው አፈር ወደ ሸለቆው ይደፋል፤ በተደፋው አፈር አናት ላይ መንገድና ቤት ይሠራል። የአገሩም ድንጋይ በሙቀትና በእርጥበት ብዛት እስከ ጥልቁ ድረስ የበሰበሰ ስለ ሆነ፥ ሲያዩት ዐለት ይመስላል እንጂ ውሃ ሲጠግብ እንደ አፈር ይፈርሳል።

በ1972 ዓመት በሰኔ ወር ከ16 እስከ 18 ቀን ድረስ በሦስት ቀን ውስጥ 652 ሚሊሜትር ያህል ዝናም ወረደ። ይህ ውሃ ሳይፈስ ባለበት ቢቆም ኖሮ ከአዋቂ ሰው ጕልበት በላይ ይደርስ ነበር። በሦስተኛው ቀን፥ እንደ እኛ አቈጣጠር ሰኔ 11 ቀን 1964 ዓ.ም. እሑድ፥ ከቀትር በኋላ ሳው ማው ፒንግ በሚባለው ሠፈር በላይ የነበረው የተደፋ አፈር በድንገት ተንዶ በታቹ ያሉትን የድሆች ጎጆዎች ቀበረ። በዚያም 71 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ቀን ማታ ደግሞ በደሴቲቱ ላይ፥ ባለጠጎች በሚኖሩበት ሠፈር፥ ከፖ ሻን መንገድ በላይ የነበረው የተራራ ጎን ተገምሶ ወረደና 12 ፎቅ ያለውን የመኖሪያ ሕንፃ ከመሠረቱ ገፍቶ ጣለው። በዚህም ስፍራ 67 ሰዎች ሞቱ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ ብለህ ተመልከት። በአንድ ቀን የቆርቆሮውም ጎጆ የድንጋዩም ፎቅ በአንድ ዓይነት ጠላት ወደቁ። ድሃው ሌላ ማደሪያ ስላጣ ከዳገቱ ሥር ተጠግቶ ነበር፤ ሀብታሙም ጥሩ ነፋስና ጥሩ እይታ ፈልጎ ወደ ዳገቱ ወጥቶ ነበር። ዳገቱ ግን የሁለቱንም ምክንያት አልጠየቀም።

ከዚህ በኋላ መንግሥቱ መርማሪዎች ሾሞ ነገሩ ተመረመረ፤ አንዳንድ ሥራም ተጀመረ። ዳሩ ግን ዳገቱን ሁሉ አንድ በአንድ የሚቈጣጠር መሥሪያ ቤት ገና አልቆመም ነበር። አራት ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ1976 ነሐሴ 25 ቀን፥ ዐውሎ ነፋስ ዝናም ይዞ በመጣ ጊዜ በዚያው በሳው ማው ፒንግ ሌላ የተደፋ አፈር ተናደ። ጭቃውም ከሥሩ ወዳለው ሕንፃ ምድር ቤት ገብቶ 18 ሰዎችን ገደለ። አንድ ሠፈር በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት ምክንያት ሙታን ሲያወጣ ባየ ጊዜ የከተማው ሕዝብ ምን ያህል እንዳዘነና እንደ ተቈጣ መገመት ቀላል ነው።

ሊቃውንት ተጠርተው በመረመሩ ጊዜ ምክንያቱ ተገለጠ። አፈሩ በተደፋ ጊዜ በንጣፍ በንጣፍ አልተደለደለም፤ በከባድ መኪናም አልተዳመጠም፤ እንዲሁ ከላይ ወደ ታች የተገለበጠ ነበር። ሴቶች ጤፍ ወደ ቁና ሲያስገቡ ያልተነቀነቀው እህል ውስጡ ባዶ ቦታ እንደሚተርፈው ሁሉ፥ ያልተዳመጠ አፈርም ውስጡ ባዶ ነው። ውሃ ያን ባዶ ቦታ በሞላው ጊዜ አፈሩ አፈርነቱ ቀርቶ እንደ ሙቅ ይፈስሳል። ስለዚህ የሊቃውንቱ ምክር ቀላል ነበር፤ የላዩን አፈር እስከ ሦስት ሜትር ድረስ አንሥቶ እየዳመጡ መመለስ፥ ውሃው የሚወርድበትንም ቦይ ማበጀት። ከዚህም ጋር በከተማው ያለውን ዳገት ሁሉ የሚቈጣጠር አንድ መሥሪያ ቤት እንዲቆም መከሩ። ያም መሥሪያ ቤት በ1977 ተቋቋመ፤ ስሙ ቢለወጥም እስከ ዛሬ ይሠራል።

የዚህ መሥሪያ ቤት ሥራ ብዙ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው ግን መዝገቡ ነው። በሰው እጅ የተቈረጠውና የተደፋው ዳገት፥ የድጋፍ ግንቡም ጭምር፥ አንድ በአንድ ተቈጥሮ ቍጥር ተሰጠው። ዛሬ በመዝገቡ ውስጥ ያሉት 60,000 ያህል ናቸው። በብዙዎቹም ላይ ቍጥሩ በሰሌዳ ተጽፎ ተለጥፏል። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ዳገት ባለ ዕዳ ማን እንደ ሆነ ከርስቱ ውል እየታየ ተለየ። አብዛኛው የመንግሥት ሲሆን የቀረው የግል ነው። የግል የሆነውን ባለ ቤቱ መጠበቅ አለበት፤ ሕንፃው የብዙ ቤተ ሰብ እንደ ሆነ ሁሉም በኅብረት ወጪውን ያዋጣሉ። ዳገቱ አስጊ ሆኖ ሲገኝ መንግሥት ለባለ ርስቱ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ባለ ርስቱ እምቢ ቢል መንግሥት ራሱ ሠርቶ ገንዘቡን ከእርሱ ይቀበላል።

እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ለኖርን ሰዎች የዚህ ነገር ጥቅም ግልጥ ነው። በሁለት ጎረቤት መካከል ያለ ቦይ ሲደፈን አንዱ «የእርሱ ነው» ይላል፤ ሁለተኛውም «የእርሱ ነው» ይላል፤ ዝናሙ ግን ፍርድ እስኪሰጥ አይጠብቅም። ባለቤቱ ያልታወቀ ዳገት የሁሉ ይመስላል እንጂ የማንም አይደለም። ቍጥርና ስም የተጻፈበት ዳገት ግን ጠባቂ አለው። መሐንዲሱ አፈሩን ከማጠንከሩ በፊት ጸሐፊው «ይህ የእገሌ ነው» ብሎ መጻፉ ነፍስ የሚያድን ሥራ ሆነ።

ሁለተኛው ሥራ ማስጠንቀቂያ ነው። በከተማው ሁሉ ከ100 የሚበልጡ የዝናም መለኪያዎች ተተክለዋል፤ የወረደው ዝናም ብዛት ናዳ ሊያመጣ ወደሚችል መጠን ሲደርስ ማስጠንቀቂያው በራዲዮና በቴሌቪዥን ይነገራል። ያን ጊዜ ሕዝቡ ከገደላማ ዳገትና ከድጋፍ ግንብ እንዲርቅ፥ በአስጊ ስፍራ ያሉትም ወደ ተዘጋጀላቸው መጠለያ እንዲሄዱ ይመከራሉ። ሦስተኛውም፥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአስጊ ዳገት ላይ በጎጆ ይኖሩ የነበሩትን ድሆች እያነሡ መንግሥት በሠራው ቤት ማኖር ነው። ማስጠንቀቂያ ለድሃ የሚጠቅመው የሚሄድበት ቤት ሲኖረው እንደ ሆነ አስተውለዋል።

ይህም ሁሉ ተደርጎ ሥራው አልተፈጸመም። በ1994 ሐምሌ 23 ቀን አንድ የቆየ የድንጋይ ግንብ ወድቆ 5 ሰዎች ሞቱ። በተመረመረ ጊዜ ከመሬት በታች የተቀበሩት የፍሳሽና የዝናም ውሃ ቧንቧዎች እያፈሰሱ ከግንቡ ጀርባ ያለውን አፈር ሲያርሱ መኖራቸው ታወቀ። ከዚህ በኋላ የዳገቱ መዝገብ እንደ ገና ተዘርዝሮ ተሠራ። በ2023 መስከረም 7 ቀን ሌሊት ደግሞ፥ ይኸውም እንደ እኛ ጳጕሜን 2 ቀን 2015 ዓ.ም.፥ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብቻ 158 ሚሊሜትር ዝናም ወረደ። በከተማው የዝናም መዝገብ ከተጀመረበት ከ1884 ወዲህ እንዲህ ያለ ሰዓት አልታየም ነበር። በዚያም ሌሊት በብዙ ስፍራ መሬት ተናደ። የዓለም አየር እየሞቀ በሄደ ቍጥር ደመና የሚሸከመው ውሃ ስለሚበዛ፥ ትናንት በቂ የነበረው ቦይ ነገ ላይበቃ ይችላል። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በዚያች ከተማ በናዳ የሞቱት ከ470 ይበልጣሉ፤ ከእነዚህም የሚበዙት የሞቱት ሥርዓቱ ከመቆሙ በፊት ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ አደጋን ፈጽሞ ባያጠፋም፥ የሰውን ሞት እንደ ቀነሰ ያለ ጥርጥር መናገር ይቻላል።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ የቤት ጌቶችና የቤት እመቤቶች፥ የምናተርፈው ትምህርት ምንድር ነው? እንደ ሆንግ ኮንግ ያለ ሀብት በየቤታችን የለም። ነገር ግን ከዚያ ሥርዓት ውስጥ ገንዘብ የማይጠይቅ ብዙ ነገር አለ። የዚያ አገር ሰዎች ቦያቸውን የሚጠርጉት ዝናሙ ከመግባቱ በፊት ነው፤ እኛም ክረምቱ ሰኔ ላይ ሳይገባ በግንቦት ቦዩን ከቅጠልና ከደለል ማጽዳት እንችላለን። የጣራችን አሸንዳ ውሃውን ወደ ዳገቱ አፈር እንዳያፈስ፥ ወደ ቦይ እንዲወርድ ማድረግ እንችላለን። በድጋፍ ግንብ ላይ ውሃ እንዲወጣበት የተተወው ቀዳዳ በጭቃ ወይም በሣር ተደፍኖ እንደ ሆነ መክፈት፥ የሚያፈስስ ቧንቧም ቢኖር ሳይውል ሳያድር ማሠራት ይገባል። ከዳገቱ ግርጌ አፈር እየቈረጡ ግቢን ማስፋት ግን ቤትን የተሸከመውን እግር እንደ መቍረጥ ነው።

ምልክቶቹንም ልጆች ሁሉ ሊያውቋቸው ይገባል። በመሬት ወይም በግንብ ላይ አዲስ ስንጥቅ ሲታይ፥ ዛፍ ወይም አጥር ሲያዘነብል፥ በር ያለ ምክንያት አልዘጋ ሲል፥ ከዳገቱም የደፈረሰ ውሃ ሲፈልቅ፥ እቃ ለመሰብሰብ ሳይዘገዩ መውጣትና ለጎረቤት መናገር ነው። ናዳ በወረደበት ስፍራም ሰው ለማዳን ሲሮጥ አንድ ሰው ከሩቅ ቆሞ የላዩን ዳገት ይጠብቅ፤ ሁለተኛው ናዳ የመጀመሪያውን ተከትሎ ሊመጣ እንደሚችል ጎፋ አስተምሮናልና።

በኦሪት ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ እንዳይሆንበት ዙሪያውን መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል። ሕጉ የጠየቀው የወደቀውን እንዲያለቅሱለት አይደለም፤ አስቀድሞ እንዳይወድቅ መከታ እንዲሠሩለት ነው። ዳገትም እንደ ሰገነት ነው፤ በላዩና በሥሩ ያሉት ነፍሳት በባለ ርስቱ ላይ ይቈጠራሉ። አባቶችም «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ክረምት ሳይገባ ከጎረቤቱ ጋር ይሰብሰብና ከጓሮው ያለው ዳገት፥ ግንብና ቦይ የማን እንደ ሆነ ተነጋግሮ በወረቀት ይጻፍ። በዚህ ንግግር ጥቂት ክርክር ቢነሣ እንኳ፥ በጋ ላይ የሚደረግ ክርክር ክረምት ላይ ከሚመጣ ልቅሶ እጅግ ይሻላል።