የአኃዝ ርስት፦ የኤም አይ ቲ ኔትወርክና የአይፒ አድራሻ ለውጥ

በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በካምብሪጅ ከተማ የሚገኘውና ኤም አይ ቲ በሚል ስም የሚታወቀው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2017 ዓ.ም. ያወጣው አንድ ማስታወቂያ፣ የኮምፒውተር ኔትወርኩን እንደሚያድስ፣ የእድሳቱንም ወጪ በእጁ ካሉት የአይፒ አድራሻዎች ከፊሉን ሸጦ እንደሚሸፍን የሚገልጽ ነበር። ክብደትም ስፋትም የሌለው፣ አኃዝ ብቻ የሆነ ነገር ገዢና ሻጭ ሊኖረው የቻለበትን ምክንያት ለመረዳት፣ እንዲሁም አንድ ዩኒቨርሲቲ አድራሻውን በሚለውጥበት ጊዜ የሚገጥመውን ድካም ለመገመት፣ ነገሩን ከጥንቱ ጀምሮ መመልከት ያሻል።

አይፒ አድራሻ ማለት ከኢንተርኔት ጋር ለተያያዘ ለማናቸውም ኮምፒውተር የሚሰጥ፣ መልእክት ከየት እንደ ተነሣና ወዴት እንደሚሄድ የሚያመለክት አኃዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. በወጣውና ዛሬ አይፒ ቨርዥን 4 በሚባለው ሥርዓት፣ አድራሻው በአራት ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይዞ፣ በነጥብ እየተለየ ይጻፋል፤ በዚህ አኳኋን ሊጻፉ የሚችሉት አድራሻዎች ጠቅላላ ድምር 4,294,967,296 ነው። የኢንተርኔት ጥንተ መሠረት የሆነው አርፓኔት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ዓ.ም. ወደዚህ ሥርዓት ሲዛወር፣ በእርሱ ላይ የነበሩት ኮምፒውተሮች በመቶ የሚቆጠሩ ስለ ነበሩ፣ አራት ቢሊዮን አኃዝ ኅልቍ መሳፍርት የሌለው ሀብት መስሎ ቢታይ የሚያስደንቅ አይደለም።

ስለዚህም እደላው በልግስና ተፈጸመ። በጊዜው ደንብ መሠረት ተቀባዮቹ በሦስት ማዕረግ ተመድበው፣ የታችኛው 256፣ መካከለኛው 65,536፣ የላይኛው 16,777,216 አድራሻ ይሰጠው ነበር። ለላይኛው ማዕረግ ከበቁት ጥቂቶች አንዱ ኤም አይ ቲ ሲሆን፣ የደረሰው ድርሻ በ18 የሚጀምረው አድራሻ ሁሉ፣ ይኸውም ከመላው ዓለም ሀብት ሁለት መቶ ኀምሳ ስድስተኛው እጅ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ግን ዐሥራ አንድ ሺህ ገደማ ናቸው፤ ድርሻው በእነርሱ ልክ ቢከፈል ለያንዳንዱ ከ1,400 የሚበልጥ አድራሻ ይደርሰዋል። እንግዲህ ርስቱ ሰፊ፣ አራሹ ጥቂት ሆኖ፣ 14 ሚሊዮኑ አድራሻ ጦሙን ያደረ መሬት ሆኖ ቀረ።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ሌላው ዓለም አድራሻ አጠረው። እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. አድራሻን ለዓለም በሚያድለው ማእከላዊ መዝገብ የቀሩት አምስት ታላላቅ የአድራሻ ክፍሎች ለአምስቱ የአህጉር መዝገብ ቤቶች አንዳንድ ተሰጥተው አለቁ። መቀመጫውን በሞሪሸስ ያደረገው የአፍሪካ መዝገብ ቤት፣ አፍሪኒክ፣ በዚያን ጊዜ የተቀበለው በ102 የሚጀምረው ክፍል፣ በመጠኑ ኤም አይ ቲ ብቻውን ይዞት ከነበረው ጋር ትክክል መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2015 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜን አሜሪካው መዝገብ ቤት ያለውን አድሎ ስለ ጨረሰ፣ አድራሻ የሚፈልግ ድርጅት ካለው ሰው መግዛት ግድ ሆነበት።

ትርፍ አድራሻን መልቀቅ በኤም አይ ቲ የተጀመረ አይደለም። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ36 የሚጀምረውንና በመጠን እኩል የሆነውን ድርሻውን፣ ኮምፒውተሮቹን ወደ ጠበበ ክፍል አዛውሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ያለ ዋጋ መልሶ ነበር። ኤም አይ ቲ ግን ገበያው ከቆመ በኋላ የደረሰ በመሆኑ፣ ቢያንስ 8 ሚሊዮኑ ከአሁኑም ከወደፊቱም ፍላጎቱ ትርፍ መሆኑን ወስኖ ለሽያጭ አቀረበ፤ በመዝገቡም ላይ ገዢ ሆኖ የታየው አማዞን ነው።

የእድሳቱ አንዱ ዓላማ ኔትወርኩን ወደ አይፒ ቨርዥን 6 ማሻገር ነበር። ይህ አዲስ ሥርዓት አድራሻውን ከ32 ቢት ወደ 128 ቢት ስላሰፋው፣ የአድራሻው ብዛት 340 ተጽፎ ከኋላው 36 ዜሮ ቢደረደር የሚገኘውን ያህል ነው። ሆኖም አሮጌውና አዲሱ በቀጥታ ሊነጋገሩ ስለማይችሉ፣ አንዱ አንዱን እስኪተካ ድረስ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ የግድ ይሆናል።

ለሽያጩ ሲባል የሚደረገው የአድራሻ ለውጥ አስጨናቂ የሚሆነው፣ አኃዙ የኮምፒውተሩን ማንነት ብቻ ሳይሆን በኔትወርኩ ውስጥ ያለበትንም ስፍራ የሚናገር በመሆኑ ነው። ራውተሮች መልእክትን የሚመሩት እያንዳንዱን አድራሻ ለብቻው እያዩ ሳይሆን፣ ተከታታይ አድራሻዎችን በአንድነት አቅፈው ነው፤ በታላላቆቹ መስመሮችም ከ256 አድራሻ ያነሰ ክፍል በተለምዶ ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ ለሽያጭ የቀረበው ክፍል ያልተቆራረጠ ይሆን ዘንድ፣ በመካከሉ ተበትነው የሚገኙት ኮምፒውተሮች አስቀድመው ወደሚቀረው ክፍል መሰብሰብ አለባቸው።

ሥራው በተለምዶ የሚከናወነው ሕንፃ በሕንፃ ነው። በመጀመሪያ ምን መሣሪያ በምን አድራሻ እንዳለ ይመዘገባል፤ ቀጥሎ የሕንፃው ራውተር አሮጌውንም አዲሱንም ክፍል በአንድ ጊዜ እንዲያገለግል ይደረጋል። ተራዎቹ ኮምፒውተሮችና ስልኮች አድራሻቸውን ዲኤችሲፒ ከተባለው አዳይ በጊዜ ገደብ የሚቀበሉ ስለ ሆኑ፣ ገደቡ አጥሮ አዲሱ ክፍል ሲገባበት፣ ባለቤታቸው ሳያውቅ ይዛወራሉ። ስምን ከአኃዝ ጋር የሚያገናኘው መዝገብ፣ ዲኤንኤስ፣ የሰጠውን መልስ ሌሎች ኮምፒውተሮች ለተወሰነ ጊዜ ይዘው ስለሚያቆዩት፣ ይህ ጊዜ ከለውጡ ቀን በፊት ከአንድ ቀን ወደ ጥቂት ደቂቃዎች ዝቅ እንዲል ይደረጋል፤ ይህ ከተዘነጋ ግን ሰርቨሩ ከተዛወረ በኋላ እንኳ ፈላጊዎቹ ባዶውን ስፍራ ሲያንኳኩ ይውላሉ።

እውነተኛው ድካም የሚመጣው ሰው በገዛ እጁ አኃዝ ከጻፈባቸው ስፍራዎች ነው። በየቢሮው ያለው ፕሪንተር፣ ገጣጣሚው ኩባንያ በአንድ አድራሻ አስሮት የሄደው የቤተ ሙከራ መሣሪያ፣ የፋየርዎል ደንቦች፣ የሶፍትዌር ፈቃድ የሚያረጋግጠው ሰርቨር፣ ከዓመታት በፊት የተጻፈ ፕሮግራም፣ እነዚህ ሁሉ አንድ በአንድ ተፈልገው መታረም አለባቸው። ቤተ መጻሕፍቱም የራሱ ችግር አለው፤ ምክንያቱም የምርምር መጽሔት አሳታሚዎች አንባቢው የደንበኛቸው ዩኒቨርሲቲ አባል መሆኑን አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት በአይፒ አድራሻው ስለ ሆነ፣ አዲሱ ክፍል አስቀድሞ ካልተነገራቸው መምህሩም ተማሪውም ገንዘብ ከተከፈለበት መጽሔት ይከለከላሉ። የተሸጠው አድራሻ ደግሞ ከሁሉም መዝገብ ካልተፋቀ፣ ለቀድሞው ባለቤት የተፈቀደው መግቢያ ለአዲሱ ባለቤት ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ይህ ችግር አስቀድሞ ያልታየ አልነበረም። የኢንተርኔት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. ባወጡት አጭር ሐተታ፣ አድራሻን መለወጥ የማይቀር ነገር መሆኑን አስረድተው፣ በፕሮግራምም ሆነ በደንብ ውስጥ አኃዝ ከመጻፍ ይልቅ ስም መጻፍ እንደሚገባ መክረዋል። ምክሩን የተከተለ ዩኒቨርሲቲ መዝገቡን ብቻ አርሞ ሲያልፍ፣ ያልተከተለው ግን በየክፍሉ እየዞረ የሠራተኞቹን ጉልበት ያፈስሳል። ስለዚህ ዛሬ የዩኒቨርሲቲም ሆነ የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ የሚዘረጋ ባለሙያ ሁሉ፣ አኃዙ ነገ እንደሚለወጥ ቆጥሮ፣ መሣሪያውን በስሙ ይጥራ፤ መዝገቡንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሚገባ ይጠብቅ።