ዋናን በጎልማሳነት መማር፡ ከካባ ጉድጓድ እስከ መዋኛ ገንዳ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ዳርቻዎች በየዓመቱ የሚደገም አንድ ትዕይንት አለ። ድንጋይ ወጥቶባቸው ሳይደፈኑ የቀሩ የካባ ጉድጓዶች በዝናብ ውሃ ይሞላሉ፤ ደለሉ ሲዘቅጥም ውሃው ከላይ ለሚያየው የተረጋጋና የሚጋብዝ ይመስላል። ፀሐይ በወጣች ቁጥር ልጆችና ወጣቶች ልብሳቸውን ጠርዙ ላይ እየጣሉ ይገቡበታል። አብዛኞቹ በሰላም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ያልተመለሱትን ፈልጎ የማውጣቱ ሥራ የአዲስ አበባ ከተማ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች ድርሻ ነው። ኮሚሽኑም ወላጆች ልጆቻቸውን ውሃ ካቆሩ ጉድጓዶችና ከወንዞች እንዲጠብቁ በተለያዩ ጊዜያት ሲያሳስብ ቆይቷል።

ማሳሰቢያው በአብዛኛው የሚያተኩረው በልጆች ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ግን ጠርዙ ላይ ቆሞ የሚያየው ጎልማሳ ነው። ልጅ ሲሰምጥ ቀድሞ የሚደርሰው ባለሙያ ሳይሆን አባት፣ ታላቅ ወንድም ወይም ጎረቤት ነው። ይህ ሰው ዋና ባይችልም ዓይኑ እያየ ልጅ ሲሞት መቆም ስለማይሆንለት ዘልሎ ይገባል። የውሃ አደጋን የሚያጠኑ ባለሙያዎች በየአገሩ ደጋግመው የሚያነሱትም ይህንኑ፣ ለማዳን የገባ ሰው ከሚድነው ጋር አብሮ የሚሞትበትን ሁኔታ ነው። "ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል" የሚለው የአባቶች አባባል ነገሩን በአጭሩ ይገልጸዋል። አረፋ የሚጨብጥ ሰው የአዳኙን አንገት ካገኘ አይለቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ዓ.ም ይፋ ባደረገው ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ በ2021 ብቻ 300 ሺ የሚገመቱ ሰዎች በመስጠም ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነዚህ መካከል 92 በመቶ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባዔ ሚያዝያ 20 ቀን 2013 ዓ.ም ባሳለፈው ውሳኔ ሐምሌ 18 በየዓመቱ የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ አድርጓል። ቀኑ በእኛ አገር ክረምቱ ከሚያይልበትና ትምህርት ቤቶች ከሚዘጉበት ወቅት ጋር መግጠሙ የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም በደንብ የተመረጠ ያስመስለዋል።

ለመሆኑ የአዲስ አበባ ጎልማሳ ለምን ዋና አይችልም? ከተማዋ በ1879 ዓ.ም የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ የፊንፊኔን ፍል ውሃ ወደው በአጠገቡ ቤት በማሠራታቸው እንደሆነ ይታወቃል። በመታጠቢያ ውሃ ምክንያት የተመሠረተች ከተማ ነዋሪዎች በአብዛኛው ዋና አለመቻላቸው ግርምት የሚፈጥር ነው። ምክንያቱ ግን ሩቅ አይደለም። ቀራንዮ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ሜዳ ላይ የዋለ ውሃ ቀን ፀሐይ ቢመታው እንኳ ሌሊቱን መልሶ ይቀዘቅዛል። በምዕራብ አዲስ አበባ የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ወንዝ ለረጅም ዓመታት የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ሲለቀቅበት የኖረ በመሆኑ ለዋና የሚመች አልነበረም። በአቅራቢያው የሚገኘው የገፈርሳ ግድብም ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ የሚያቀርብ እንጂ መዋኛ አይደለም።

በዚህ ላይ የቤት ውስጥ አስተዳደጉ አለ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እናት ወንዝ ዳር ጋኔን እንደሚለክፍ እየነገሩ ነበር ያሳደጉት፤ ቁጣው ውጤት ስላስገኘ በልጅነቱ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። በቆላውና በወይና ደጋው አካባቢ ደግሞ ከጋኔን ይልቅ ቢልሃርዝያ እውነተኛ ስጋት ሆኖ ኖሯል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1950ዎቹ አጋማሽ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው እንዶድ በሽታውን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቁት ከዚሁ ችግር ጋር ሲታገሉ ነበር። በአንጻሩ በጣና ዳርቻ የሚያድግ ልጅ ታንኳ መቅዘፍንና ዋናን ከታላላቆቹ እያየ ይለምዳል። በጎንደርም በጥምቀት ዕለት ባሕሩ ከተባረከ በኋላ ወደ ፋሲለደስ መጠመቂያ እየዘለሉ የሚገቡትን ወጣቶች በቴሌቪዥን ያላየ የለም። ልዩነቱ የተፈጥሮ ችሎታ ሳይሆን ውሃው ቅርብ መሆኑና አለመሆኑ ነው።

በ2008 ዓ.ም በሪዮ ኦሊምፒክ የሆነውንም ብዙዎች ያስታውሱታል። ሮቤል ኪሮስ ሀብቴ በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ማጣሪያ ርቀቱን በ1 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ገደማ ጨርሶ ከ59 ተወዳዳሪዎች የመጨረሻውን ደረጃ አገኘ። በዚያው ሳምንት አልማዝ አያና የ10 ሺ ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ነበርና ንጽጽሩ ከባድ ሆነበት፤ የአገር ውስጡም የውጭውም ሕዝብ ሳቀበት። ስለ አመራረጡ የተነሱት ጥያቄዎች ተገቢ ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁን እንጂ በየካፌው ሲስቁ ከነበሩት መካከል በአንድ ደቂቃ ይቅርና በአንድ ሰዓትም ቢሆን 100 ሜትር መዋኘት የሚችል ስንት ሰው እንደነበረ ማንም አልጠየቀም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበር።

ጎልማሳ ሰው ገንዳ ውስጥ ሲገባ የሚሰምጠው ለምንድን ነው? የሰው አካል ክብደት ከመጠኑ ጋር ሲነጻጸር ከውሃ ጋር ተቀራራቢ ነው። ሳንባ በአየር ሲሞላ ብዙ ሰው ይንሳፈፋል፤ አየሩ ሲወጣ ይሰምጣል። የአዋቂ ሰው ሳንባ አምስት ወይም ስድስት ሊትር ያህል አየር ስለሚይዝ ደረት ውስጥ የተቀመጠ ተንሳፋፊ ከረጢት ማለት ነው። ችግሩ ከረጢቱ ያለው ደረት ላይ ሲሆን ከባዱ አጥንትና ጡንቻ ያለው ደግሞ እግር ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ እግር ወደ ታች ይወርዳል። ቀጭንና ጡንቻማ ሰው፣ ለምሳሌ ጥሩ ሯጭ፣ ስብ ካለው ሰው ይልቅ እግሩ ቶሎ ይሰምጥበታል። ወፈር ያሉ ሰዎች ገንዳ ውስጥ ከስፖርተኞች በልጠው ቢታዩ ሊያስደንቅ አይገባም።

ጭንቅላት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ግራም ይመዝናል። ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ውሃው ይሸከመዋል። የፈራ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ቢኖር አንገቱን አስግጎ ጭንቅላቱን በሙሉ ከውሃ ማውጣት ነው። ያን ጊዜ ውሃው የማይሸከመው አምስት ኪሎ ሸክም ከላይ ተጨመረበት ማለት ነው፤ እግሩ ይበልጥ ይወርዳል፣ ሰውነቱ እንደ ምሰሶ ይቆማል፣ እጁም ውሃውን እየደበደበ ጉልበቱን ይጨርሳል። ፊትን ውሃ ውስጥ ያስገባ ወይም በጀርባው ተኝቶ ጆሮውን ያስጠለቀ ሰው ግን ወገቡና እግሩ ከፍ ይልለታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ትንፋሽ ነው፤ ጎልማሳውን ከሕፃኑ ይበልጥ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ጀማሪው ፊቱ ውሃ ሲነካ ትንፋሹን ያዝ ያደርጋል። የተያዘው አየር ውስጥ የተቃጠለ አየር እየበዛ ሲሄድ አንጎል የመታፈን ምልክት ይልካል። በዚህ ጊዜ ጭንቅላቱን አውጥቶ አየር መሳብ ይሻል፤ አሮጌውን አየር ግን ስላላስወጣ አዲሱ መግቢያ አያገኝም። ሦስት አራት ጊዜ ከደገመው በኋላ ልቡ እየመታ የገንዳውን ጠርዝ ይይዝና "ትንፋሽ የለኝም" ይላል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያነሰ መሆኑ ስሜቱን ያባብሰዋል። መፍትሔው ፊት ውሃ ውስጥ እያለ በአፍንጫና በአፍ ቀስ ብሎ አየሩን ማስወጣት፣ ፊትን ወደ ጎን ሲያዞሩ መሳብ ብቻ ነው። ለመናገር ቀላል ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ዋናን የጀመረው በ43 ዓመቱ ነው። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ ገንዳ የመጀመሪያው አሰልጣኝ ተማሪዎቹን በሁለተኛው ቀን ወደ ጥልቁ ጫፍ ወስዶ "ዝለሉ፣ ውሃው ራሱ ያስተምራል" አለ። ውሃው ያስተማረው ፍርሃትን ነበር። አቅራቢውም ለስድስት ወራት ወደዚያ አልተመለሰም። ሁለተኛው አሰልጣኝ ለሁለት ሳምንት ያህል ከደረት በማያልፍ ውሃ ውስጥ ከእፍታ ሌላ ምንም አላሠራም፤ ቤትም በሳፋ ውሃ ሞልተን ፊታችንን እየነከርን አየር ማስወጣት እንድንለማመድ አዘዘ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ሳፋ ውሃ ለእፍታ ማዋል በቤተሰብ ዘንድ ያስነሳውን ተቃውሞ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ያም ሆኖ በሦስተኛው ሳምንት ሰውነት በጀርባው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንሳፈፈ። ከዚያ በኋላ ጠርዙን ይዞ እግርን ከጉልበት ሳይሆን ከዳሌ ማንቀሳቀስ፣ ቀጥሎ እጅ፣ በመጨረሻም ሦስቱን ማቀናጀት መጣ። የ25 ሜትሩን ገንዳ ሳያቋርጡ ለመሻገር አምስት ወር ፈጅቷል። ልጆች በዚህ ጊዜ ውስጥ ይህን እጥፍ ይሠራሉ፤ ጎልማሳ ግን የሚነገረውን ምክንያት መረዳቱ ይጠቅመዋል።

መሰናክሉ ፍርሃት ብቻ አይደለም። በመስቀል ቅርጽ የተሠራው የሂልተን ሆቴል የፍል ውሃ ገንዳን የመሳሰሉት ታዋቂ መዋኛዎች ያሉት በከተማዋ መሐል ሲሆን፣ ከቀራንዮ ሁለት ታክሲ ለሚይዝ ሠራተኛ የመግቢያው ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። ለሴቶች ደግሞ የአለባበስ ጉዳይ አለ። በኮልፌ አካባቢ የሚኖሩ በርካታ ሙስሊም እናቶችም ሆኑ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው በወንዶች ፊት በዋና ልብስ መታየትን ነውር አድርገው ያዩታል። ሰውነትን የሚሸፍን የዋና ልብስና ሴት አሰልጣኝ ያለበት የተለየ ሰዓት ቢመደብ ግን ነገሩ በቀላሉ ሊቃለል ይችላል። ልጅ አጣቢዋና ጠባቂዋ እናት ሆና ሳለ ዋናን የወንድ ብቻ ማድረግ አያስኬድም።

በገንዳ የተማረ ሰው በካባ ጉድጓድ ሊመካ እንደማይገባ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ገንዳ ሲጀምር ጥልቀት የለውም፣ ወለሉ ይታያል፣ የሚያዝ ጠርዝ አለው። የካባ ጉድጓድ ግን ድንጋዩ በቀጥታ ተቆርጦ የወጣበት በመሆኑ ከጠርዙ አንድ እርምጃ ሲራቅ ብዙ ሜትር ሊጠልቅ ይችላል። ዳሩ ጭቃ ስለሆነ ሊወጣ የሚሞክረውን ያንሸራትታል። የላይኛው ውሃ በፀሐይ ሲሞቅ የታችኛው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ በድንገት ቅዝቃዜ የገባ ሰው ደግሞ ሳይፈልግ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል። ጎበዝ ዋናተኛም ይሞትበታል።

የሰመጠ ሰው እንደ ፊልም እጁን እያወናጨፈ አይጮህም። አፉ ከውሃ በላይ የሚቆየው ለመተንፈስ ብቻ ስለሆነ ድምፅ ማውጣት አይችልም፤ ከሩቅ ለሚያየው የሚጫወት ሊመስል ይችላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በጠርዙ ያለ ሰው ሳይገባ የሚያደርገው ብዙ ነገር አለ። በሆዱ ተኝቶ ረጅም እንጨት ማቀበል፣ ጋቢ ወይም ነጠላ ጠምዝዞ መወርወር ይቻላል። ክዳኑ የተገጠመ ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ሰው ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ አድርጎ እንዲቆይ የሚያስችል ኃይል አለው፤ ገመድ ከታሰረበት ደግሞ ጎትቶ ማውጣት ይቻላል። ይህ ዕቃ የሌለበት ቤት በቀራንዮ የለም።

የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ ሆዱን መጫን ወይም በእግሩ ማንጠልጠል ጊዜ ማባከን ነው። በጠፍጣፋ መሬት በጀርባው አስተኝቶ አገጩን ቀና ማድረግ፣ አፍንጫውን ይዞ በአፉ አምስት ጊዜ አየር መስጠት፣ ከዚያም የደረቱን መሐል 30 ጊዜ እየተጫኑ ሁለት ሁለት ትንፋሽ መጨመር ያስፈልጋል። በዚህ መሐል ሌላ ሰው በ939 የእሳትና አደጋ ሠራተኞችን ይጥራ። ነፍስ የዘራ ሰውም ቢሆን ወደ ሳንባው የገባው ውሃ ከሰዓታት በኋላ ሊያስቸግረው ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መታየት ይኖርበታል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አሁን 25 ሜትሩን ይመላለሳል። ከሰፈሩ በስተምዕራብ ባለው ጉድጓድ ዳር ሲያልፍ ግን ዛሬም ዳሩን አይጠጋም፤ ባለፈው መስከረም ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ገመድ የታሰረባቸው ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች በአቅራቢያው ካለው አጥር ላይ ሰቅሏል። አንደኛው በሳምንቱ ለውሃ መቅጃ ስለተወሰደ በምትኩ ሌላ ተሰቅሏል፤ ይኸኛው ጎኑ ላይ በቀለም "ለነፍስ ማዳኛ" የሚል ተጽፎበታል።