ስሙ አንድ፥ ጣዕሙ ልዩ ልዩ

ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወር ሰው በየደረሰበት ከተማ የለመደውን ለስላሳ መጠጥ አዝዞ ሲቀምሰው፥ በአገሩ ከሚያውቀው የተለየ ሆኖ ስለሚያገኘው ይደነቃል። አንዳንዱም መጠጡ የተበላሸ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ምክንያቱን ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እንገልጻለን።

እንደ ኮካ ኮላ ያለው መጠጥ ከአንድ ቦታ ተሞልቶ ወደ ዓለም ሁሉ የሚላክ አይደለም። ኩባንያው የሚልከው ዋናውን ቅመም ነው፤ ውሃ፥ ስኳርና ጋዝ ጨምሮ በጠርሙስ የሚሞላው የየአገሩ ፋብሪካ ነው። በአዲስ አበባም ይህ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው።

አንደኛው የልዩነት ምክንያት ማጣፈጫው ነው። ከሜክሲኮ በጠርሙስ ወደ አሜሪካ የሚላከው ኮካ ኮላ የሸንኮራ አገዳ ስኳር አለበት። በአሜሪካ በሚሠራው ግን፥ ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ በአብዛኛው የሚገባው ከበቆሎ የሚወጣ ሽሮፕ ነው።

ሁለተኛው ውሃው ነው። ውሃ የራሱ ጣዕም እንዳለው የአምቦን ውሃ የቀመሰ ሁሉ ያውቃል። አንዳንዱ ማዕድን የመጠጡን ጎምዛዛነት ስለሚያለዝበው፥ ፋብሪካዎች ውሃውን አስቀድመው ያጣራሉ።

ሦስተኛው የአገሩ አየር ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ያነሰ ስለ ሆነ፥ ቆርኪው ሲከፈት ጋዙ ፈጥኖ ይወጣል። እንደ ጅቡቲ ባለ ቆላ ደግሞ ጠርሙሱ በደንብ ካልቀዘቀዘ፥ ሙቀቱ ጋዙን ያስወጣዋል።

አራተኛው ሕግ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 ስኳር ተጨምሮበት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ በጠቅላላው 5 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር ባለው ለስላሳ መጠጥ ላይ ቀረጥ ጣለች። ስለዚህ ፋንታን የመሰሉ መጠጦች ስኳራቸው ተቀነሰ፤ መደበኛው ኮካ ኮላ ግን እንደ ቀድሞው ቀረ።

ከዚህ ሁሉ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ምክር ይገኛል። ቅዝቃዜና ጎምዛዛነት ጣፋጭነትን ስለሚሸፍኑ፥ ምላስ የስኳሩን ልክ በትክክል አይመዝንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ መከረው፥ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር ከዕለቱ የምግብ ኃይል ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ይህም በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 50 ግራም ያህል ነው። በስኳር የሚጣፍጥ የ330 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ ብቻውን 35 ግራም ያህል ይዟል። እንግዲህ ወላጆች ለልጆቻቸው ለስላሳ ሲገዙ፥ የለመዱትን ስም ብቻ አይተው ከመርካት ይልቅ፥ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የስኳር መጠን ቢያነቡ መልካም ነው እንላለን።