ማዞሪያው ተገዛ፤ ጥሪው ግን አይገባም

የአፍሪካ ጎዳና ከኢትዮ ቻይና ወዳጅነት ጎዳና ጋር በሚገናኝበት በወሎ ሰፈር ዙሪያ፣ አስመጪው፣ ዕቃ አስተላላፊው፣ የጉዞ ወኪሉና ደላላው በየፎቁ ጎን ለጎን ቢሮ ከፍተው ይሠራሉ። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ የኮሪደር ልማት ሥራ ሲካሄድም ቢሮ የቀየሩ ድርጅቶች ጥቂት አልነበሩም። ቢሮ ሲቀየር ጠረጴዛና ወንበሩ በአንድ ቀን ይጓጓዛል። የስልክ ማዞሪያው ግን ተነቅሎ ስለተሰካ ብቻ ሥራ ጀመረ ማለት አይደለም። ደንበኛ ደውሎ «መስመሩ ተይዟል» ከተባለ ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይደውልም፤ የሚደውለው ለተፎካካሪው ነው።

ማዞሪያው የቢሮውን ስልኮች እርስ በርስ ያገናኛል። ከውጭ ጋር የሚያገናኘው ግን በውስጡ የሚሰካው የውጭ መስመር ካርድ ሲሆን፣ ባለሙያዎች ጌትዌይ ቦርድ ይሉታል። በአጠቃላይ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ተራ የመዳብ መስመሮችን የሚቀበል ነው። ሁለተኛው ኢ-ዋን የሚባለውና በአንድ ገመድ 30 ንግግሮችን በአንድ ጊዜ የሚያስተላልፍ ነው። ሦስተኛው ሲፕ የሚባለው በኢንተርኔት ፕሮቶኮል የሚሠራው ነው።

ስንት መስመር ይበቃል?

ብዙ ነጋዴ መስመር የሚገዛው በግምት ነው። ይሁን እንጂ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የዴንማርካዊው የኤርላንግ ስሌት መልሱን ይሰጣል። በሥራ በሚበዛበት ሰዓት ከ100 ጥሪ ከአንድ በላይ እንዳይመለስ ከተፈለገ፣ 4 መስመር በሰዓት የሚችለው እያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ የሚፈጁ 17 ያህል ጥሪዎችን ነው። 8 መስመር ግን 62 ያህል ይችላል። መስመሩ በእጥፍ ሲጨምር አቅሙ ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል ማለት ነው። ስለዚህ አራቱን መስመር ለሁለት ክፍሎች ሁለት ሁለት አድርጎ ከመክፈል፣ በካርዱ ላይ በአንድ ቡድን ማሰባሰቡ ያለ ተጨማሪ ወጪ ጥሪን ያድናል።

ጥሪ የሚጠፋባቸው ቦታዎች

በመዳብ መስመር ካርድ ላይ ዋናው ችግር የስልክ መዘጋትን አለማወቅ ነው። ደዋዩ ሲዘጋ የቴሌ መስመር የሚልከውን ድምፅ ወይም የኤሌክትሪክ ለውጥ ካርዱ እንዲለይ ካልተደረገ፣ ማንም የማይነጋገርበት መስመር እንደተያዘ ይቀራል። ስምንት መስመር የከፈለ ድርጅት በአምስት እየሠራ ሊሆን ይችላል።

በኢ-ዋን ካርድ ላይ ትልቁ ነገር ሰዓት ነው። ካርዱ የልብ ምቱን ከቴሌ መውሰድ ሲገባው በራሱ ሰዓት እንዲሄድ ከተደረገ፣ ንግግሩ መሐል ጠቅታ ይሰማል፣ ፋክስም ይቋረጣል። ብዙዎች ይህን የመስመር ብልሽት አድርገው ያያሉ።

በሲፕ ካርድ ላይ ደግሞ የኢንተርኔት ስፋት ይታሰባል። ጂ 711 በሚባለው የድምፅ አሠራር አንድ ንግግር በየአቅጣጫው 87 ኪሎቢት ያህል በሰከንድ ይፈልጋል፤ 30 ንግግር ሲሆን 2.6 ሜጋቢት ይሆናል። ሠራተኛው ቪዲዮ የሚያይበት መስመርና የድምፁ መንገድ ካልተለያዩ ንግግሩ ይቆራረጣል።

የቁጥር ጉዳይም አለ። የአዲስ አበባ ቁጥሮች በ1998 ዓ.ም. ከስድስት ወደ ሰባት አኃዝ ከፍ ብለዋል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ደግሞ በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች ገበያ ውስጥ ገቡ። ከዚያ በፊት የተስተካከለ ማዞሪያ 09ን ብቻ እንዲያሳልፍ ታዝዞ ከሆነ፣ ወደ 07 የሚደውል ሠራተኛ «ቁጥሩ ስህተት ነው» የሚል ምላሽ ያገኛል። ጥፋቱ የደንበኛው ሳይሆን የሠንጠረዡ ነው።

ሌሊት የሚደወለው ስልክ

ከሁሉም የሚከፋው ግን ያልጠፋው ጥሪ ነው። ካርዱ ከፋብሪካ በመጣበት የይለፍ ቃል ከተተወና ከኢንተርኔት ጋር ከተገናኘ፣ አጭበርባሪዎች ሰብረው ገብተው ቅዳሜና እሁድ ሌሊት ወደ ውጭ አገር ይደውሉበታል። ሂሳቡ የሚመጣው በመስመሩ ባለቤት ስም ነው። መከላከያው ቀላል ነው፦ የይለፍ ቃል መቀየር፣ በ00 የሚጀምር ጥሪን ከሚያስፈልጋቸው ጥቂት ስልኮች በቀር መዝጋት፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ ለሁሉም መቆለፍ።

በተቃራኒው ደግሞ ካርዱን ተጠቅሞ ከውጭ በኢንተርኔት የሚመጣ ጥሪን የቴሌን መንገድ አልፎ ለሌላ ማስተላለፍ በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በእስራት ያስቀጣል። «በዚህች ካርድ ትርፍ እናገኝ» የሚል ሰው ከመጣ በሩን ማሳየት ይሻላል።

ሲረከቡ ምን ይጠይቁ?

ነጋዴው የቴክኒክ ባለሙያ መሆን አይጠበቅበትም። ክፍያውን ሳይጨርስ ግን አምስት ነገር በዓይኑ ይይ። በመጀመሪያ በሁሉም መስመር በየተራ ደውሎ ሲዘጋ ካርዱ መስመሩን መልቀቁን ይመልከት። ቀጥሎ ወደ 011፣ ወደ 09ና ወደ 07 ያስደውል። ሦስተኛ ካልተፈቀደለት ስልክ 00 ይሞክር። አራተኛ መብራት አጥፍቶ ቢያንስ አንድ ስልክ በቀጥታ መሥራቱን ያረጋግጥ። በመጨረሻም የማስተካከያው ቅጂ በፍላሽና በወረቀት፣ ከይለፍ ቃሉ ጋር በእጁ ይግባ። ይህ ቅጂ በቴክኒሺያኑ ላፕቶፕ ብቻ ከቀረ፣ በሚቀጥለው የቢሮ ለውጥ ድርጅቱ ዋጋ የሚከራከረው ከገበያው ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰው ጋር ይሆናል።

የካርዱ ዋጋ አንድ ጊዜ ይከፈላል። ያልተስተካከለ ካርድ ዋጋ ግን በየቀኑ፣ ደረሰኝ ሳይሰጥ ይከፈላል።