ካምቢዮው ከመፈታቱ በፊት፦ የኦቶማቲክ መኪና የኤሌክትሪክ ብልሽት አለያየት

ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈያ ካልደረሰ ጥራቱ እንደሚወርድ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት የለቀማ ወራት መኪና ለአንድ ሞዴል አርሶ አደር ጌጥ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። ያገለገለ ኦቶማቲክ መኪና የገዛችሁ ወይም ለመግዛት የምታስቡ ደግሞ አንድ ነገር እንድታውቁ እንፈልጋለን። ጋራዥ ስትገቡ ከምትሰሙት ቃል ሁሉ ውዱ «ካምቢዮው ሞቷል፣ ይቀየር» የሚለው ነው። ይህ ቃል አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የታመመው ካምቢዮው ሳይሆን ለካምቢዮው ትእዛዝ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱ የጥገና ወጪ ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

የኦቶማቲክ ካምቢዮ አሠራር በመስኖ ቦይ ይመሰላል። በካምቢዮው ውስጥ ማርሽ የሚያስገባው የዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ወደየትኛው መስመር እንደሚሄድ የሚወስኑት ሶሌኖይድ የሚባሉ፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትንንሽ በሮች ናቸው። በሮቹን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው፤ እርሱ እንደ የውሃ አባት ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ በራሱ አያይም፤ የፍጥነት ሴንሰሮችና ከማርሽ ዘንጉ ጋር የተያያዘው ማብሪያ የሚነግሩትን ሰምቶ ይፈርዳል። መልእክተኛው የተሳሳተ ወሬ ካመጣ በሩ ያለጊዜው ይከፈታል። ቦዩ ግን ጤነኛ ነው፤ ቦዩን መቆፈር ምንም አይጠቅምም።

ኮምፒውተሩ በመስመሩ ላይ ችግር ሲያገኝ ካምቢዮው እንዳይጎዳ የሶሌኖይዶቹን ኤሌክትሪክ ያቋርጥና መኪናውን በአንድ ማርሽ ብቻ ይተወዋል። ሹፌሩ የሚያየው መኪናው ሲነሳ መክበዱን፣ ዳገት ላይ መለገሙን፣ ማርሽ አለመቀየሩን ነው። በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች «ኦቨርድራይቭ ኦፍ» የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ይህን ያየ ሰው ካምቢዮው ያለቀ ይመስለዋል፤ መኪናው ግን ራሱን እየጠበቀ ነው።

መጀመሪያ ዘይቱ

ከኤሌክትሪኩ በፊት የካምቢዮውን ዘይት እዩ። መለኪያ ዘንግ ባላቸው አብዛኞቹ ቶዮታዎች ዘይቱ የሚለካው መኪናው ተነድቶ ከሞቀ በኋላ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ በየቦታው አንድ ዙር ከተመለሰ በኋላ በ«ፒ» ላይ ሆኖ ነው። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ወይም የብረት ፍርፋሪ ካለበት ችግሩ በእርግጥ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ልክ ሆኖ ቀይና ንጹሕ ከሆነ ግን ጥርጣሬያችሁን ወደ ሽቦው አዙሩ።

ባትሪና ኔጋቲቭ ሽቦ

ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12 ቮልት ላይ ከወረደ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ዲናሞው ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መስጠት አለበት። ከዚህ ያነሰ ኤሌክትሪክ የሚደርሰው ኮምፒውተር ጤነኛውን ሶሌኖይድ ሁሉ በሽተኛ አድርጎ ሊያይ ይችላል። ቴስተር ከጠፋ ስልካችሁን ከምትሞሉበት የሶላር መሣሪያ ጋር የሚሠራ ባለሙያ ዘንድ ሁሉ ይገኛል፤ ውድ ዕቃ አይደለም።

በእኛ አካባቢ ከሁሉ በላይ የሚረሳው ከባትሪው ወደ ሞተሩ፣ ወደ ካምቢዮውና ወደ አካሉ የሚሄደው ኔጋቲቭ ሽቦ ነው። የኢሉባቦር ዝናብ ከአብዛኛው የአገራችን ክፍል ይረዝማል፤ ጎሬ በዝናብ ብዛት የታወቀች ናት። ጭቃና እርጥበት በሽቦው ጫፍ ላይ ዝገት ያበቅላሉ፤ ሽፋኑ ከላይ ደህና መስሎ ከሥር ግን ተበልቶ ይገኛል። አንድ ጊዜ ለሥልጠና በወጣንበት ቀበሌ ሁለት ጋራዦች «ካምቢዮ ይቀየር» ያሉት ፒካፕ አጋጥሞን ነበር። የተገኘው ብልሽት ብሎኑ የላላና የዛገ ኔጋቲቭ ሽቦ ነው። ተፍቆ ታሰረ፣ መኪናው ሄደ። ባለቤቱ ግን ለሁለተኛው ጋራዥ ቅድሚያ ክፍያ ከፍሎ ነበር።

ፈተናው ቀላል ነው። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በካምቢዮው ንጹሕ ብረት ላይ አድርጋችሁ ሰው ቁልፍ ያዙር። ሞተሪኖው ሲዞር ንባቡ ከ0.3 ቮልት በታች ሊሆን ይገባል። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ሽቦው ወይም ማሰሪያው ችግር አለበት።

መኪናው የሚናገረው

መኪናው በ«ፒ» አልነሳ ብሎ በ«ኤን» ከተነሳ፣ ወይም ዘንጉን እያወዛወዛችሁ ካልሆነ አልነሳ ካለ፣ ካምቢዮው ጎን ላይ ያለውን የማርሽ ቦታ ማብሪያ ጠርጥሩ። ይህ ማብሪያ ለጭቃና ለውሃ የተጋለጠ ነው።

ዘንጉ ከ«ፒ» አልወጣ ካለ ደግሞ ሰው ኋላ ቆሞ የፍሬን መብራቱን ይመልከት። ፍሬን ስትረግጡ መብራቱ ካልበራ ችግሩ ፊውዝ ወይም የፍሬን ፔዳሉ ማብሪያ ነው። ኮምፒውተሩ ፍሬን መረገጡን ካላወቀ ዘንጉን አይለቅም። በብዙ ቶዮታዎች ከዘንጉ አጠገብ በትንሽ ክዳን የተሸፈነ መልቀቂያ ስላለ፣ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ በእርሱ ማስወጣትና መንገዳችሁን መቀጠል ትችላላችሁ።

ማርሽ መቀየር ሲያቆም የፍጥነት መቁጠሪያውም አብሮ ከሞተ የፍጥነት ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ነው። መኪናው ጠዋት ደህና ሆኖ ከመቱ ወደ ጎሬ ዳገቱን ሲወጣ ብቻ የሚለግም ከሆነ ግን አስቸጋሪው ዓይነት ነው፤ ሲሞቅ የሚቋረጥ ሽቦ ወይም ሶሌኖይድ ሊሆን ስለሚችል ልኬቱ መኪናው እንደሞቀ መደረግ አለበት። ቀዝቅዞ ከተለካ «ደህና ነው» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።

ወደ ካምቢዮው የሚገቡትን ሶኬቶች ንቀሉና እዩ፤ አረንጓዴ ዝገት፣ ውሃ፣ የላላ እግር ካለ አጽዱ። መኪናው ከጎተራ አጠገብ የሚያድር ከሆነ የአይጥ ጥርስም ፈልጉ። በብዙ ቶዮታዎች ማርሽ የሚቀይረው ሶሌኖይድ ሲቀዘቅዝ ከ11 እስከ 15 ኦም፣ ግፊት የሚቆጣጠረው ደግሞ 5 ኦም አካባቢ ይለካል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ውስጡ ተበጥሷል፤ ዜሮ ካለ ተገናኝቷል። ሶሌኖይድ ለመቀየር አብዛኛውን ጊዜ የዘይት መያዣውን ማውረድ በቂ ነው፤ ካምቢዮው አይወርድም።

መካኒኩን የምትጠይቁት ፈተና

በቆዩ ባለ አራት ማርሽ የቶዮታ ፒካፖችና የመስክ መኪኖች ላይ አንድ ጥሩ ፈተና አለ። ሞተሩ ጠፍቶ የሶሌኖይዶቹ ሶኬት ይነቀላል። ከዚያ ሜዳና ሰው በሌለበት መንገድ በዝግታ ይነዳል። ኤሌክትሪክ ሳይኖር «ኤል» አንደኛ፣ «2» ሦስተኛ፣ «ዲ» አራተኛ ማርሽ ከሰጡ፣ «አር»ም ወደ ኋላ ከሄደ፣ ብረቱና ዘይቱ ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ ብልሽቱ ከሶኬቱ ወዲህ ወይም በሶሌኖይዱ ላይ ነው። በእጅም ማርሹ ካልተለየ ካምቢዮውን ማውረድ ምክንያት አለው። በፍጥነት እየሄዱ ወደ «ኤል» መጎተት ግን ካምቢዮ ይሰብራል። በሌሎች ሞዴሎች የሚቀረው ማርሽ ስለሚለያይ መካኒኩ የመኪናውን መጽሐፍ ይይ፤ ማርሽ በሌላቸው ባለ ቀበቶ ኦቶማቲኮች ላይ ፈተናው አይሠራም።

ኮድ ማንበብም ይቻላል። በእነዚሁ የቆዩ ቶዮታዎች መብራቱ በብልጭታ የሚቆጥረው 61 የፍጥነት ሴንሰሩን፣ 62 እና 63 ማርሽ ቀያሪ ሶሌኖይዶችን ያመለክታል። ነገር ግን ኮዱ የሚነግራችሁ ችግር ያለበትን መስመር እንጂ የሞተውን ዕቃ አይደለም። 62 ያየ ሁሉ ሶሌኖይድ ይግዛ ማለት አይደለም፤ የተበላ ሽቦም ያንኑ ኮድ ይሰጣል።

ጭነት ማስቀመጫ ስታስበይዱ የባትሪውን ኔጋቲቭ አስነቅሉ፤ የብየዳ ኤሌክትሪክ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ስታሳጥቡም ኃይለኛ ውሃ ወደ ሶኬቶቹ እንዳይረጭ ተቆጣጠሩ። ባትሪ ሲሞት ኦቶማቲክ መኪና በግፊ አይነሳም፤ ልጆቹን አታድክሙ። ከሌላ ባትሪ ስታስነሱ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ መግጠሙን ሁለት ጊዜ እዩ። መኪናው ከቆመና መጎተት ግድ ከሆነ፣ ሞተሩ ሲጠፋ የካምቢዮው የዘይት ፓምፕም ስለሚቆም፣ የሚነዱት ጎማዎች ከመሬት ይነሱ ወይም የኋላው ማዞሪያ ዘንግ ይፈታ። ከያዮ እስከ መቱ መሬት ለመሬት የተጎተተ ኦቶማቲክ፣ ሲነሳ የሽቦ ችግር ብቻ የነበረበት ቢሆንም፣ ጋራዥ ሲደርስ የእውነት የካምቢዮ ችግር ይዞ ሊገባ ይችላል።