ለመዝናናት የሚደረግ አደንና ጉዳቱ

ከጂንካ ከተማ ተነሥቶ በስተ ደቡብ ምዕራብ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ከማጎ ሸለቆ ይደርሳል። በዚህ ቆላማ ምድር 2,162 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የማጎ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመው በተለይ ጎሽን፥ ዝሆንንና ቀጭኔን ከጥፋት ለመጠበቅ ነው። እንዲህ ያሉትን አራዊት ለጥፋት ከሚዳርጉት ምክንያቶች አንዱ ለመዝናናት የሚደረግ አደን ነው።

አደን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሰው ከጥንት ጀምሮ ለምግቡና ለልብሱ ሲል አድኗል። በአገራችንም በደጋና በቆላ፥ ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰው ጀግና ተብሎ ሲከበር ኖሯል፤ ይህ ልማድ በደቡብ ኦሞ ሕዝቦችም ዘንድ የታወቀ ነው። ለመዝናናት የሚያድን ሰው ዓላማ ግን የመተኮስ ደስታና በቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ቀንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ከኬንያ በኩል ተጉዞ እስከ ጨው ባሕር የደረሰው ሃንጋሪያዊው ሳሙኤል ቴሌኪ በጉዞው ላይ ብዙ ዝሆኖችንና አውራሪሶችን ገድሏል። በዚያን ዘመን የአራዊቱ ቁጥር የማያልቅ ይመስል ነበር።

የዚህ አደን የመጀመሪያው ጉዳት ከምርጫው የሚመጣ ነው። አንበሳ ሲያድን አብዛኛውን ጊዜ የደከመውን፥ የታመመውን ወይም ከመንጋው የተነጠለውን ይይዛል። ሰው ግን ቀንዱ የረዘመውን፥ ጥርሱ የገዘፈውን ይመርጣል፤ ስለሆነም ለዘር የሚፈለጉት ቀድመው ያልቃሉ። በሞዛምቢክ፥ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1992 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፥ የጎሮንጎሳ ዝሆኖች ለጥርሳቸው ሲባል ተጨፈጨፉ። ከዚያ በኋላ ያለ ጥርስ የሚወለዱ ሴት ዝሆኖች በረከቱ። ገዳዮቹ ለንግድ እንጂ ለመዝናናት ባያድኑም ምርጫቸው አንድ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳት የአንድ ጥይት ጥፋት በአንድ እንስሳ አለመወሰኑ ነው። የመንጋው አውራ የሆነ አንበሳ ሲገደል ቦታውን የሚወርሰው ሌላ ወንድ ብዙውን ጊዜ የሟቹን ደቦሎች ይፈጃል። የጠፋውንም መተካት ቀላል አይደለም። ሴት ዝሆን 22 ወር ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ትወልዳለች፤ ደግማ የምትወልደውም ከ4 ወይም ከ5 ዓመት በኋላ ነው።

ሦስተኛው ጉዳት በሰው ላይ ይደርሳል። ቆስሎ ያመለጠ ጎሽ እጅግ አደገኛ ነው። አዳኙ ወደ አገሩ ሲመለስ፥ በዚያ ጫካ ከብት የሚያግደውና ማር የሚቆርጠው የአካባቢው ሰው ከቁስለኛው አውሬ ጋር ይቀራል።

በርግጥ ቁጥሩ ተወስኖ በፈቃድ የሚደረግ አደን ለአገር ገቢ ያስገኛል የሚሉ አሉ። የኢትዮጵያ ሕግም ይህን ዓይነቱን አደን ይፈቅዳል። ሐሳቡ የሚናቅ ባይሆንም፥ የአራዊቱ ቁጥር በትክክል ካልታወቀና ገደቡ ካልተከበረ ፈቃዱ ለጥፋት መሸፈኛ ይሆናል። ከዚህም ሌላ የተገደለ ጎሽ ዋጋ የሚያወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በሕይወት ያለውን ግን ዘንድሮ አንዱ፥ ለከርሞም ሌላው እየመጣ ይጎበኘዋል።

እንግዲህ በማጎ ሸለቆ የቀሩት አራዊት ለነገው ትውልድ እንዲተርፉ ከተፈለገ፥ መግደልን እንደ መዝናኛ የመቍጠር አስተሳሰብ መለወጥ ይኖርበታል።